በስሙ ውስጥ ክር ያለው ወጥ፦ ሜቻዶን እንዴት እንደ ሠራሁት

ዱባይ ስሠራ አንድ ክፍል የምንጋራ፣ በዕድሜ የምትበልጠኝ ፊሊፒናዊት ነበረች፤ ታላቅ እህትን «አቴ» ስለሚሉ እኔም እንዲሁ እጠራት ነበር፣ እትዬ ከማለት ብዙም አልራቀብኝም። ሜቻዶ የሚባለውን የሥጋ ወጥ የቀመስኩት ከእሷ ድስት ነው።

ስለ ስሙ ስጠይቃት «ሜቻ» በስፓኒሽ የሻማ ክር ማለት እንደሆነ ነገረችኝ። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ከ1565 እስከ 1898 አገራቸው በስፔን ስትገዛ ከገቡት ቃላት አንዱ ነው። በጥንቱ አሠራር ረዘም ያለ የአሳማ ስብ በቀይ የበሬ ሥጋ ውስጥ ይሰካል፤ ጫፉ ብቅ ብሎ ሲታይ ከሻማ የወጣ ክር ይመስላል። አቴ ግን እንደ ብዙዎቹ የዛሬ ባለሙያዎች ሥጋውን ቆራርጣ ስለምትሠራው ክሩ የቀረው በስሙ ላይ ብቻ ነበር። እኔም ክሩን ልመልሰው ተነሣሁ፤ አሳማ ስለማልበላ በበሬ ጮማ ተካሁት።

የመጀመሪያው ሙከራዬ ገና ከመክተፊያው ላይ ከሸፈ፤ እጄ እንደለመደው ሥጋውን አድቅቄ ስለከተፍኩት ጮማውን የምሰካበት ቦታ አጣሁ። በሁለተኛው አንድ ኪሎ የትከሻ ሥጋ ሳልቆራርጥ ያዝኩ፤ ሆኖም ጮማው በጣቴ መካከል እየሟሸሸ ተበጣጠሰ፤ በዚያ ላይ ሶያ ሶሱ ራሱ ጨው መሆኑን ዘንግቼ ጨው ስለጨመርኩበት የሚበላ አልሆነም።

በሦስተኛው ጮማውን በጣት ውፍረት ቆርጬ ለግማሽ ሰዓት በረዶ ቤት አስቀመጥኩት። ሥጋውን የጭረቱን አቅጣጫ ተከትዬ በቀጭን ቢላዋ በስቼ፣ የደረቀውን ጮማ ከዳር እስከ ዳር አሳለፍኩበት። ከዚያ በሶያ ሶስና በሎሚ ጭማቂ (እነሱ ካላማንሲ የምትባል ትንሽ ሎሚ ይጠቀማሉ) አንድ ሰዓት ዘፍዝፌ፣ ዙሪያውን በዘይት ጠብሼ፣ በሽንኩርት፣ በነጭ ሽንኩርት፣ በቲማቲም ድልህና በሎሬል ቅጠል ሁለት ሰዓት ተኩል በዝግታ ቀቀልኩት። ድንችና ካሮት የገቡት መጨረሻ ላይ ነው፤ አስቀድሞ የገባ ድንች ሟሙቶ መረቁን ያደፈርሰዋል።

ሥጋው በረድ ሲል ጭረቱን አቋርጬ ስቆርጠው በእያንዳንዱ ቡናማ ቁራጭ መካከል ነጭ ነጥብ ታየ። አቴ አንዱን በሹካ አንሥታ ወደ መብራቱ አስጠግታ ካየችው በኋላ፣ ያለ ሩዝ አይበላም ብላ ሩዝ ልትጥድ ሄደች።