ከአውድማ የመጣው ቁስል

ባለፈው ዓመት በታኅሣሥ ወር መንዝ በሚገኘው የቤተሰቤ አውድማ ላይ አባቴ ገብሱን በመንሽ ሲያዘራ፣ ነፋሱ ድንገት አቅጣጫውን ቀይሮ እብቁን ሁሉ ወደ ፊቴ አመጣውና ግራ ዓይኔን አንድ ነገር ወጋኝ። እናቴ በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ አወጣችልኝ። ማታውን ከመቆርቆር በቀር ምንም አልተሰማኝም፤ በማግስቱ ግን ዓይኔ ደም መሰለ።

ከአንድ መድኃኒት ቤት ያለ ሐኪም ማዘዣ የዓይን ጠብታ ገዛሁ። ቅላቱ በሁለት ቀን ውስጥ ስለጠፋ ድኛለሁ ብዬ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ። በስድስተኛው ቀን ብርሃን መቋቋም አቃተኝ፣ ሕመሙም እንቅልፍ ነሣኝ፤ በመስታወት ስመለከት በጥቁሩ የዓይኔ ክፍል ላይ የግማሽ ምስር ያህል ነጭ ነጥብ ወጥቷል።

ደብረ ብርሃን የመረመረችኝ ሐኪም ዓይኔ ውስጥ ብርቱካናማ ቀለም ጠብ አድርጋ ሰማያዊ ብርሃን ስታበራበት ቁስሉ አረንጓዴ ሆኖ አበራ። ከቁስሉ ላይ ፍቃ የወሰደችው ናሙና በማይክሮስኮፕ ሲታይ ክር የመሰለ ፈንገስ ተገኘበት። ከዚያም የገዛሁትን ጠብታ አሳያት ዘንድ ጠየቀችኝ፤ ብልቃጡ ላይ ዴክሳሜታዞን፣ ማለትም የሰውነትን የመከላከል ምላሽ የሚያዳክም ስቴሮይድ መድኃኒት፣ ተብሎ ተጽፏል።

ነገሩ የገባኝ እሷ ካስረዳችኝና ራሴም ካነበብኩ በኋላ ነው። ጤነኛ ዓይን ሁልጊዜ ይጠበቃል፤ ሽፋሽፍት አቧራ ይይዛል፣ እንባ ደግሞ ከማጠቡ ባሻገር የባክቴሪያን ግድግዳ የሚያፈርስ ላይሶዛይም፣ ተሕዋስያን የሚፈልጉትን ብረት የሚነጥቅ ላክቶፌሪንና ፀረ እንግዳ አካላት አሉት። ላይሶዛይምን እ.ኤ.አ. በ1922 ይፋ ያደረገው ሳይንቲስቱ አሌክሳንደር ፍሌሚንግ ሲሆን፣ ለምርምሩ እንባ ለማግኘት የሎሚ ጭማቂ በሰው ዓይን ውስጥ ያንጠባጥብ ነበር። ኮርኒያ የሚባለው ከዓይን ፊት ያለው ብርሃን አሳላፊ ክፍል የላይኛው ሽፋኑ ሳይቀደድ ከቆየ አብዛኛው ጀርም እዚያው ላይ ይቀራል፤ እብቅ ግን ሽፋኑን ይቀድዳል፣ ከእህል ጋር የኖረውን ፈንገስም ይዞ ይገባል። በዚህ ጊዜ በነጩ የዓይን ክፍል ያሉ የደም ሥሮች ይሰፋሉ፣ ነጭ የደም ሴሎችም ወደ ቁስሉ ይጎርፋሉ። እኔ ያጠፋሁት ቅላት ይህ ነበር፤ ዴክሳሜታዞን ሴሎቹን ስላገዳቸው ፈንገሱ ያለ ከልካይ አደገ።

በሌላ በኩል ዓይን መከላከያ ኃይሉን የሚቆጥበው ያለ ምክንያት አይደለም። ኮርኒያ ብርሃን ማሳለፍ ስላለበት የደም ሥር የለውም፤ ምግቡን ከዓይን ውስጥ ፈሳሽ፣ ኦክስጅኑን በአብዛኛው ከአየር ያገኛል። ሳይንቲስቱ ፒተር ሜዳዋር እ.ኤ.አ. በ1948 እንዳሳየው፣ በሌላ የሰውነት ክፍል ቶሎ የሚጠፋ ባዕድ ሥጋ በዓይን ውስጥ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆያል፤ ምክንያቱም ብርቱ ውጊያ ራሱ ጠባሳ ትቶ ዓይንን ያጨልማል። አያቴ በወረንጦ ሽፋሽፍቷን ስትነቅል እያየሁ ያደግኩት እኔ ይህን ቀድሜ ማወቅ ነበረብኝ፤ የዓይን ማዝ የምንለው ትራኮማ ደጋግሞ ሲይዝ የሰውነቱ ምላሽ በዓይን ቆቡ ውስጠኛ ክፍል ላይ ጠባሳ ይተዋል፣ ቆቡም ወደ ውስጥ ታጥፎ ሽፋሽፍቱ ኮርኒያውን ይፍቃል።

ሕክምናው ሁለት ወር ፈጀ። በመጀመሪያዎቹ ሁለት ቀናት ቀንም ሌሊትም በየሰዓቱ የፀረ ፈንገስ ጠብታ ማድረግ ስለነበረብኝ ታናሽ ወንድሜ በዚያ የመንዝ ብርድ እየተነሣ ይቀሰቅሰኝ ነበር። ያደረግሁትን በደብተር ሰዓቱን እየጻፍኩ መዘገብኩ፣ ከማድረጌም በፊት እጄን በሳሙና ታጠብኩ፣ የብልቃጡን ጫፍ ከሽፋሽፍቴ አላስነካሁም፤ በሁለት የተለያዩ ጠብታዎች መካከልም አምስት ደቂቃ ቆየሁ። ትንሽ ሲሻለኝ ማቋረጥ አማረኝ፤ ሐኪሟ ግን ቅላቱ ከጠፋ በኋላም ፈንገስ በጥልቁ ሊተርፍ እንደሚችል ነገረችኝ፤ ስለዚህ እስክታቆመኝ ድረስ ቀጠልኩ።

ጠባሳው ዛሬም አለ፤ ማታ መብራት ስመለከት ዙሪያው ይደበዝዝብኛል። በዘንድሮው አጨዳ ወንድሜ ዓይኑ ውስጥ እብቅ ገብቶበት ሊያሸው ሲል እጁን ያዝኩት። ፈልቶ በበረደ ውኃ አጠብኩለት፣ ምንም ጠብታ ሳላደርግለትም በማግስቱ ጠዋት ደብረ ብርሃን ይዤው ሄድኩ።