ግማሹን ወይን ማን ጠጣው?

መርከብ ላይ ነኝ። ከቀርጤስ ደሴት ከተማ ከሄራክሊዮን ተነስታ የአቴንስ ወደብ ፒሬዎስ ለመድረስ ሌሊቱን ሙሉ ነው የምትጓዘው። ካቢን ውድ ስለሆነብኝ ወንበር ላይ ተኮራምቻለሁ። አጠገቤ ያለው ሰውዬ ያንኮራፋል። እንቅልፍ ካልመጣ አይቀር የሁለቱን ቀን ነገር ልጻፈው።

አቴንስ ስኖር ስድስት ዓመት ሆነኝ። ቀርጤስን ግን እስከ ትናንት የማውቃት በመጽሐፍ ቅዱስ ብቻ ነበር። ለቲቶ በተጻፈው መልእክት ላይ ከራሳቸው ወገን የሆነ አንድ ሰው ቀርጤሶችን ውሸተኞች እንዳላቸው ተጠቅሷል። ልጅ ሆኜ ቀርጤስ ማለት ከንጉሥ እስከ እረኛ ሁሉም የሚዋሽባት አገር ትመስለኝ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት ክኖሶስ ነው። ትልቁ የሚኖአውያን፣ የጥንቶቹ የቀርጤስ ሰዎች፣ ቤተ መንግሥት። ሰዎቹ ራሳቸውን ሚኖአውያን ብለው አያውቁም፤ ስሙን ያጸናባቸው እ.ኤ.አ. በ1900 ቦታውን መቆፈር የጀመረው እንግሊዛዊው አርተር ኢቫንስ ነው፤ ከአፈ ታሪኩ ንጉሥ ከሚኖስ ወስዶ። (ከሱ በፊት በ1878 የቆፈረው የከተማው ሰው ሚኖስ ካሎኬሪኖስ ነበር። እሱን ግን ማን ያነሳዋል!) ግብፆች ከፍቲዩ ይሏቸው ነበር፤ ስጦታ ተሸክመው ሲመጡም በሹማቸው በሬክሚሬ መቃብር ግድግዳ ላይ ሥለዋቸዋል።

እውነቱን ልናገር፣ ክኖሶስ ትንሽ አስከፋኝ። ፎቶ የሚነሱባቸው ቀያይ ምሰሶዎች፣ ከላይ ሰፍተው ወደ ታች የሚቀጥኑት፣ የኢቫንስ ሲሚንቶ ናቸው። የጎደለውን ሁሉ በግምቱ ሞላው። አንዱን ሥዕል ስብርባሪ ገጣጥሞ ሰማያዊ ልጅ የሳፍሮን አበባ ሲለቅም አድርጎ አሳደሰው። ቆይቶ ሌሎች ተመራማሪዎች ቀረብ ብለው ሲያዩት ጅራት አለው። ለካ ጦጣ ነው! ይቺን ታሪክ ሳነብ ብቻዬን ሳቅኩ።

ያልተነካካውን ስታይ ግን ትደነግጣለህ። አንዱ በሌላው አፍ እየገባ የሚቀጣጠል የሸክላ የውኃ ቧንቧ አለ። ቁመታቸው ሰው የሚያህል ጋኖች ተደርድረዋል፤ ዘይትና እህል የሚቀመጥባቸው። ይሄ ሁሉ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ2ኛው ሺህ ዓመት ነው። ኮርማ ላይ የሚገለበጠውን ሰው ሥዕል ሙዚየም ውስጥ ፎቶ አንስቼ ለእህቴ ላክሁላት። «ሐመር ሄድክ እንዴ?» አለችኝ። ሐመሮቹ በተሰለፉ ከብቶች ጀርባ ላይ ነው የሚሮጡት፣ ይሄኛው የሚሮጥ ኮርማ ላይ ነው የሚገለበጠው ብዬ ላስረዳት ስል ከመስመር ወጥታለች።

አስጎብኚዎቹ ስለ ሚኖአውያን ሰላማዊነት ብዙ ያወራሉ። አበባ፣ ዶልፊን፣ ቤተ መንግሥታቸውም ወፍራም የምሽግ ግንብ የለውም። ይሁን። ግን እ.ኤ.አ. በ1979 አኔሞስፒሊያ የሚባል ቦታ ላይ፣ በመሬት መንቀጥቀጥ የፈረሰ ቤተ መቅደስ ውስጥ፣ መሠዊያ በሚመስል ነገር ላይ የአንድ ወጣት አጽም ተገኝቷል። የነሐስ ስለትም አብሮት ነበር። ቆፋሪዎቹ የሰው መሥዋዕት ነው አሉ፤ የማይስማሙም አሉ። እኔ የመሰለኝ ሁሉም ጎብኚ የፈለገውን ሰው እዚያ ፈልጎ እንደሚያገኝ ነው። ኢቫንስም ልጅ ፈልጎ ልጅ አገኘ።

እኔስ? እኔም ዛሬ ጠዋት የራሴን አገኘሁ።

ሄራክሊዮን ሙዚየም ውስጥ ከጥቁር ድንጋይ የተፈለፈለች ትንሽ ዕቃ አለች። አጊያ ትሪያዳ ከሚባል ቦታ ነው የመጣችው፤ ከክርስቶስ ልደት በፊት በ1500 ገደማ የተሠራች። የታችኛው ክፍሏ የለም። ላይዋ ላይ 27 ወንዶች መንሽ የመሰለ ረጅም መሣሪያ ተሸክመው ተጠጋግተው ይሄዳሉ። መሪያቸው ካባ ደርቧል። ከሥራ መመለሳቸው ይሁን መሄዳቸው፣ ብቻ ደቦ ነው የሚመስለው። አንዱ ጎንበስ ብሏል፤ ከፊቱ ያለው ዞሮ ይጮኽበታል። «አንተ ቀና በል እንጂ!» የሚለው ይመስለኛል። መሀል ላይ አንዱ የጎድን አጥንቱ እስኪቆጠር አየር ስቦ፣ አፉን ከፍቶ ይዘፍናል። ተከታዮቹ ይቀበሉታል። እጁ ላይ ያለው ነገር ደግሞ ጸናጽል ነው።

ጸናጽል! መያዣው፣ ቅስቱ፣ በመካከል የተጋደመው ዘንግ። መስታወቱ ላይ ግንባሬን አስደግፌ ኖሮ ጠባቂዋ ጉሮሮዋን ጠራረገች። እዚያው ሙዚየም ከአርካኔስ መቃብር የወጣ እውነተኛ ጸናጽልም አለ፤ ያውም የሸክላ። ሸክላ ሲጋጭ እንደኛው ብረት አይጮህም መቼም። መነሻው ግብፅ ነው። በባሕር ወደ ሰሜን ቀርጤስ ገባ። እኛ ዘንድ ደግሞ እስከ ዛሬ ማኅሌት ይቆማል፤ ልጅ ሆኜ ሌሊት በእንቅልፍ ልቤ የሰማሁት ድምፅ እሱ ነው።

ዘፋኙ ምን እንደሚል ግን ማወቅ አልችልም። ማንም አይችልም። የሚኖአውያን ጽሕፈት፣ ሊኒየር ኤ የሚባለው፣ አልተፈታም። ተከታዩ ሊኒየር ቢ ተፈትቷል፤ እ.ኤ.አ. በ1952 ማይክል ቬንትሪስ የሚባል የሕንፃ ንድፍ ባለሙያ ግሪክኛ መሆኑን አረጋገጠ። ብዙዎቹ ምልክቶች የጋራ ስለሆኑ የሊኒየር ቢን ድምፅ ወደ ሊኒየር ኤ መውሰድ ይቻላል። ስለዚህ በግርድፉ ይነበባል። ግን ትርጉሙ የለም።

ይሄን ሳነብ የኔታ ትዝ አሉኝ። ዳዊት ስደግም ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ፈጥኜ፣ ሳልደናቀፍ፣ አንድ ቃል ሳይገባኝ። «ምን ማለት ነው የኔታ?» ብዬ ብጠይቅ «አንተ መጀመሪያ አንብብ!» ብለው በአለንጋዋ ጫፍ ነካ ያደርጉኛል። ትርጓሜው ለነገ ነው። የኔ ነገ ሳይመጣ ትምህርቱን ትቼ ከተማ ገባሁ። የሊኒየር ኤ ምሁራንም ንባብ ላይ የቀሩ ተማሪዎች ናቸው፤ የሚጠይቁት የኔታ ግን የላቸውም።

አንድ ቃል ግን በሂሳብ ያዟት። በብዙ የሸክላ ጽላቶች መጨረሻ «ኩ-ሮ» የሚል ይመጣል፤ ከጎኑ ያለው ቁጥር ከላይ ያሉት ሲደመሩ የሚሰጡት ነው። ስለዚህ ኩ-ሮ ማለት ድምር ነው። ደስ ያለኝ ደግሞ አጻጻፉ ነው። ፈረንጅ በአራት ፊደል የሚጽፋት ቃል ለነሱ ሁለት ምልክት ናት፤ እንደኛው፣ ኩ እና ሮ።

የሊኒየር ኤ ጽላት በብዛት የወጣው ያቺ ባለ ጸናጽል ዕቃ ከተገኘችበት ከአጊያ ትሪያዳ ነው። አንዱ፣ 13ኛው የሚባለው፣ የወይን መዝገብ ነው። መርከቧ ላይ ምን ሥራ አለኝ፣ በስልኬ ደመርኩት። 5 ተኩል፣ 56፣ 27 ተኩል፣ 18፣ 19፣ 5። 131 ይመጣል። ጸሐፊው ኩ-ሮ ብሎ የጻፈው ግን 130 ተኩል ነው።

ሦስት ጊዜ ደመርኩት። ግማሽ ይጎድላል። ወይ ድካም ነው፣ ወይ ችኮላ፣ ወይ ደግሞ ግማሹን ራሱ ጠጥቶታል። ጎረቤቴ አሁን ማንኮራፋቱን አቆመ፤ ነቅቶ የስልኬን መብራት እያየ ነው። ላጥፋው።