ፈርሷል የተባለው ማኅበር

በገጠር ወጣቶች ሥራ ዕድል ፈጠራ ሪፖርት ላይ «የፈረሱ ማኅበራት» የሚል ዓምድ አለ። በዚያ ዓምድ ውስጥ መግባት ያልነበረበት አንድ የንብ አንቢ ወጣቶች ማኅበር ገብቷል። ነገሩ ካለፈ ቆየ፤ እኔ ግን እስካሁን አልተዋጠልኝም።

የወረዳ የንብ ባለሙያ ነኝ። የምሠራው ወሎ ውስጥ ነው። ወረዳውን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ ችግሩ የአንድ ወረዳ ብቻ አይመስለኝም።

ማኅበሩ የተደራጀው በ2010 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ ነው። የ10 ቢሊዮን ብሩ የወጣቶች ተዘዋዋሪ ፈንድ በ2009 ዓ.ም. ስለተፈቀደ፣ በየቀበሌው ከ18 እስከ 34 ዓመት ያለ ሥራ ፈላጊ ይመዘገብ ነበር። አሥር ሆነው መጡ። ስድስቱ ወንዶች፣ አራቱ ሴቶች። በስሙ መሬት ያለው አንድም አልነበረም። ከየት ያምጡ? በአማራ ክልል መሬት ለመጨረሻ ጊዜ በስፋት የተሸነሸነው በ1989 ዓ.ም. ነው። ያኔ ገሚሱ ሕፃን ነበር፣ ገሚሱ ገና አልተወለደም። ስለዚህ የገጠር ልጅ ምርጫው ሦስት ነው፦ ከአባቱ ላይ እየተቆነጠረለት መኖር፣ ከተማ ወርዶ የቀን ሥራ መፈለግ፣ ወይም በደላላ ዐረብ አገር መሄድ።

ከሴቶቹ አንዷ የመጨረሻውን ሞክራዋለች። በ2006 ዓ.ም. ከ160 ሺህ በላይ ሰው ከሳዑዲ ሲመለስ አብራ ከመጡት አንዷ ነች። የማኅበሩ ጸሐፊ አድርገው የመረጡት እሷን ነው። ጥሩ መረጡ።

ቀበሌው ከንክኪ የተከለለ ተራራ ላይ ቦታ ሰጣቸው። ተራራው በተፋሰስ ሥራ እርከን ተሠርቶለት፣ ከብት እንዳይገባበት ተደርጎ፣ ሣሩና ቁጥቋጦው መልሶ ያገገመ ነው። ለንብ ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። የብድሩን አሥር በመቶ ቆጠቡ፣ እርስ በርስ ተዋዋሱ፣ ከፈንዱ ተበደሩ፣ ዘመናዊ ቀፎ ከነህብረ ንቡ ገዙ።

አገራችን በማር ምርት ከአፍሪካ ቀዳሚ ናት ሲባል ሁላችንም ሰምተናል። ግን ከቀፎዎቻችን ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው ዛሬም ባህላዊ ነው። ባህላዊ ቀፎ በዓመት 5 ወይም 6 ኪሎ ቢሰጥ ነው። ዘመናዊው በደንብ ከተያዘ 15 እና 20 ኪሎ ይሰጣል። ለእኔ ግን ትልቁ ልዩነት ኪሎው አይደለም። ባህላዊ ቀፎ ብዙ ቦታ ዛፍ ላይ ይሰቀላል፣ ማሩም በሌሊት ዛፍ ተወጥቶ ነው የሚቆረጠው። ስለዚህ ንብ የወንድ ሥራ ነው ተብሎ ቀረ። ዘመናዊው ቀፎ መሬት ላይ በመቆሚያ ይቀመጣል። ሴቷ ቱታዋን ለብሳ፣ ማጨሻዋን ይዛ፣ በቁሟ ትከፍተዋለች። እነዚያን አራት ሴቶች ክዳን ሲያነሱ ሳይ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም።

የመጀመሪያው ክረምት ከባድ ነበር። ንብ ኮበለለባቸው። ዝናቡ ሲበረታ አበባ የለም፣ ቀለቡ ያልቃል፣ ንቡ ጥሎ ይሄዳል። በቀጣዩ ክረምት ግን ሽሮና የስኳር ብጥብጥ እየቀለቡ አቆዩት። ጉንዳን እንዳይወጣ የመቆሚያውን እግር ዙሪያ አመድ ይነሰንሳሉ። ይህን ሁሉ እኔ አስተምሬያቸዋለሁ። ቀጥሎ ያለውን ግን ማንም አላስተማራቸውም።

አንድ ሰሞን ከቀፎዎቹ ደጃፍ ሥር የሞተ ንብ በእፍኝ ይታፈስ ጀመር። ከተራራው ግርጌ ያሉ ገበሬዎች ረፋድ ላይ ኬሚካል ይረጫሉ፤ ንቡ ደግሞ በዚያ ሰዓት አበባ ላይ ነው። እኔ ደብዳቤ ለመጻፍ ሳስብ ልጆቹ ቀድመውኝ ወጡ። ዕድር ላይ ተነሥተው ተናገሩ። ለቅሶ ቤት ሳይቀር እያወሩ ሰው ለመኑ። የሚለምኑት አንድ ነገር ነው፦ ርጩ፣ ግን ንቡ ቤቱ ከገባ በኋላ፣ አመሻሽ ላይ። አንድ አዛውንት «የእናንተ ንብ ለእኔ ማሳ ምን ይሠራልኛል?» አሏቸው። ጸሐፊዋ «አባባ፣ ባቄላዎና ኑግዎ ፍሬ በደንብ የሚይዘው እኮ ንብ ሲያርፍበት ነው» አለቻቸው። ሽማግሌው ወዲያው አላመኑም። ግን አመሻሽ ላይ መርጨት ጀመሩ። ሌሎቹም ተከተሉ። ቀበሌው ሙሉ የርጭት ሰዓቱን ቀየረ ማለት ይቻላል። ለእኔ የዚህ ፕሮግራም ትልቁ ውጤት ይህ ነው። መሬት የሌለው ወጣት መሬት ያለውን ገበሬ አስተማረ። በሪፖርቱ ላይ ይህን የምጽፍበት ቦታ ግን የለም።

ሁለተኛውን የኅዳር ማር ሽጠው ብድራቸውን ዘጉ። ከዚያ ተነጋገሩና ህብረ ንቡን በዕጣ ተካፈሉ። ጠብ የለም፣ ሽማግሌ አልተጠራም። ሰባቱ በየግላቸው ንብ ማነብ ቀጠሉ። ከነዚህ አንዷ ሌላ ቀበሌ ስታገባ ቀፎዎቿን ይዛ ነው የሄደችው። ሁለቱ ድርሻቸውን ሸጠው በግ ማድለብ ገቡ። አንዱ ብቻ ተሰደደ። የማር ማጣሪያ ማሽኑንና የሰም ማተሚያውን (ንቡ እንጀራውን የሚጀምርበትን ስስ የሰም ገጽ የሚያትመውን መሣሪያ) ግን አልተካፈሉም። ጸሐፊዋ ቤት ተቀምጦ በተራ ይጠቀሙበታል። ማኅተሙን ለቀበሌ አስረከቡ።

እዚህ ላይ ነው ግምገማው የመጣው።

2012 ዓ.ም. ታኅሣሥ ላይ ሞዴል ማኅበር የሚመርጥ ባለሙያ ከበላይ መጣ። እኔ ነበርኩ የማስጎበኘው። ሳላመነታ መጀመሪያ የወሰድኩት ወደነዚህ ልጆች ነው። ጸሐፊዋ ጓሮዋ ውስጥ ተቀበለችን። ቡና ተፈልቷል፣ ማር በሰሃን ቀርቧል። እንግዳው ማሩን ቀመሰ፣ አመሰገነ፣ ከዚያ ቅጹን አወጣ።

«ማኅበሩ የት ነው?»

«ፈርሷል ጋሼ። በሰላም ነው የፈረሰው።»

«ቃለ ጉባኤ አላችሁ?»

«እስክንካፈል ድረስ ያለው አለ።»

«ማኅተሙስ?»

«አስረክበናል።»

እስክሪብቶውን አስቀመጠ። «ታዲያ እኔ ምን ልገምግም?»

«ቀፎዎቹን ይዩአ። የእኔ እነዚህ ናቸው። የሌሎቹን ደግሞ ልውሰድዎት፣ ቅርብ ነው።»

«እህቴ፣ እኔ ግለሰብ አልገመግምም። የምገመግመው ማኅበር ነው።»

ቀና ብላ አየችው። ድምጿን አላነሣችም። «ጋሼ፣ የተደራጀነው ሥራ እንድንይዝ ነው። ይኸው ይዘናል። ሌላ ምን ቀረብን?»

መልስ አልሰጣትም። ወደ ቅጹ አቀርቅሮ ጻፈ። ጎኑ ነበርኩና አየሁት። «ፈርሷል» ነው የጻፈው። ከሥሩ ደግሞ በ2010 ዓ.ም. የተመዘገበላቸውን አሥር ቋሚ የሥራ ዕድል ሰረዘው።

ደሜ ፈላ። «ብድሩን እኮ ጨርሰው ከፍለዋል» አልኩት። «እሱ ሌላ ዓምድ ነው» አለኝ። ማሽኑን በጋራ እንደሚጠቀሙ ነገርኩት። «በሰነድ የተደገፈ ነው?» አለኝ። ከገበሬዎቹ ጋር ስለ ርጭት የሠሩትን ልነግረው ጀመርኩ። ሰዓቱን አየ።

ሰውየው ክፉ አልነበረም። በመኪና ስንመለስ «እኔ የተላክሁት በዚህ ቅጽ ነው፤ ሌላ ነገር ጽፌ ብሄድ እዚያ የሚቀበለኝ የለም» አለኝ። እውነቱን ነው። ቅጹን ያዘጋጀው እሱ አይደለም። ግን ቅጹን የሚሞላ ሰው ሁሉ እንዲህ እያለ ከሄደ ቅጹ መቼ ይስተካከላል? ይህን ጠየቅሁት። ዝም አለ፤ እኔም ዝም አልኩ። እስከ ወረዳ ድረስ አልተነጋገርንም።

በዚያ ዓመት የተሸለመው ሌላ ማኅበር ነው። አባላቱን አልወቅስም፤ ያዘዟቸውን ነው ያደረጉት። ማኅተም አላቸው፣ በየወሩ የተፈረመ ቃለ ጉባኤ አላቸው፣ አባላቱ በስም ዝርዝር ሙሉ ናቸው። ቀፎዎቻቸው መጋዘን ውስጥ ተደርድረው ነበር። ንብ ግን አልነበረባቸውም። በቅጹ ላይ «የቀፎ ብዛት» እንጂ «ንብ ያለበት ቀፎ» የሚል ጥያቄ አልነበረም። የምስክር ወረቀቱ በጭብጨባ ተሰጠ። እኔ አላጨበጨብኩም።

ስለዚህ ጉዳይ ብዙ አስቤያለሁ። ማኅበር ለእነዚህ ልጆች ዳስ ነው። ዳስ ለሰርግ ይጣላል፣ ሰርጉ ሲያበቃ ይፈርሳል፣ ሙሽሮቹ ጎጆ ወጡ ይባላል። ዳሱ ፈረሰ ብሎ የሚያዝን የለም። ብቻቸውን ብድር አያገኙም፣ ብቻቸውን ቦታ አይሰጣቸውም፣ ስለዚህ በማኅበር ይጀምራሉ። ካደጉ በኋላ በግል መቀጠላቸው ለምን ኪሳራ ይሆናል? ስንት ማኅበር አለ ብሎ መቁጠር ቀላል ነው። ስንቱ ወጣት ከሦስት ዓመት በኋላ በሥራው ላይ እንዳለ ለማወቅ ግን በየጓሮው መዞር ይጠይቃል። ፕሮግራሙ ጥሩ ነው እላለሁ፤ ያለ እሱ እነዚያ ልጆች አንድ ቀፎ አይኖራቸውም ነበር። ያበገነኝም ለዚህ ነው። ፕሮግራሙ የራሱን ስኬት በራሱ እጅ ሰረዘ።

በዚያ ሰሞን ለጸሐፊዋ ምን እንደምላት ጨንቆኝ ነበር። እሷ ግን ከእኔ በላይ ቀልሏት አገኘኋት። «ጋሼ፣ ተዉት። ሳዑዲ ሆኜም በወረቀት አልነበርኩም፤ ግን ስሠራ ነበር» አለችኝ። ቀጥላ የሰም ማተሚያው ስንጥቅ ስላበጀ ማን እንደሚጠግነው ጠየቀችኝ።

ከዚያ ወዲህ አዲስ ለሚደራጁ ሁሉ ሁለት ነገር እነግራለሁ። አንደኛ፣ ንቡን ስትካፈሉ ማኅተሙን አታስረክቡ፤ ማሽኑን በጋራ ለመጠቀምና ማሩን በጋራ ለመሸጥ ተስማምታችሁ በቃለ ጉባኤ አስፍሩት። ያን ጊዜ «ፈርሷል» የሚላችሁ አይኖርም። ሁለተኛ፣ ለወረቀቱ ብላችሁ ንቡን እንዳትረሱ። ሁለቱን ምክር አንድ ላይ መስጠት ደስ አይለኝም፤ የመጀመሪያውን መስጠት ባይኖርብኝ እወዳለሁ። ግን የልጆቹ ድካም ሲሰረዝ ዳግመኛ ማየት አልፈልግም።

በየሩብ ዓመቱ ሪፖርት ላይ አንድ ገጽ አባሪ አደርጋለሁ። ርዕሱ «ከማኅበር ወደ ግል የተሸጋገሩ» ይላል። ስም፣ ቀበሌ፣ ንብ ያለበት ቀፎ፣ የተሸጠ ማር፣ ብድር ያለበትና የሌለበት። አንዳንዴ «ከቅጹ ውጭ ነው» ተብሎ ይመለስልኛል። በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ደግሜ አያይዤ እልከዋለሁ።