«ለምን ታንሾካሹኪያለሽ?»

ሪያድ በሠራሁባቸው ስድስት ዓመታት እናቴን በኢሞ የማወራት መታጠቢያ ቤት ገብቼ ነበር። ቧንቧውን እከፍትና በውሃው ድምፅ ተከልዬ «እማየ፣ ደህና ነኝ» እላታለሁ። ማዳም ከሰማች ስልኩ ይቀማል። ሁለቴ ተቀምቻለሁ።

ወሎ፣ ሐይቅ ከተማ ከተመለስኩ በኋላ እንቅልፍ እምቢ አለኝ። በር በተንኳኳ ቁጥር ብድግ ነው። እማየ ዱዓ አስደረገች፤ ቡናው ተፈልቶ፣ ጫቱ ቀርቦ፣ ጎረቤቱ ሁሉ «አብሽሪ፣ ያልፋል» እያለ መረቀኝ። እውነቱን ለመናገር ያን ሌሊት ተኝቻለሁ። ከማግስቱ ጀምሮ ግን ያው ሆነ።

ሪያድ አብራኝ የነበረች ልጅ አዲስ አበባ ያለች የሥነ ልቦና ባለሙያ ቁጥር ሰጠችኝ። ከደሴ እንኳ አዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር ነው፤ በየሳምንቱ ማን ይመላለሳል? በቪዲዮ ጀመርን። እኔ ግን ጥግ ላይ ያለችውን የራሴን ፊት ሳይ 50 ደቂቃው ያልቃል። በ2015 ክረምት አማራ ክልል ላይ የሞባይል ኢንተርኔት ሲዘጋ ወደ ተራ ስልክ ዞርን። ስንቱ በተቸገረበት ነገር እኔ ተገላገልኩ፣ አላህ ይቅር ይበለኝ።

ሁልጊዜ ስትጀምር የት እንዳለሁ፣ አጠገቤ ማን እንዳለ፣ መስመሩ ቢቋረጥ ለማን እንደምትደውል ትጠይቀኛለች። ልቤ ሲደልቅ ደግሞ የማያቸውን አምስት ነገሮች ታስቆጥረኛለች፤ ጀበና፣ ረከቦት፣ ማጨሻ፣ የእማየ ነጠላ፣ ድመቷ። መጀመሪያ ቀልድ መስሎኝ ነበር።

አንድ ማክሰኞ ግቢ ውስጥ ተቀምጬ ሳወራ ዝም አለችና «ለምን ታንሾካሹኪያለሽ? ሰው አለ?» አለችኝ። ማንም የለም፤ እማየ ገበያ ወጥታለች። ዝቅ ብዬ ሳይ የግቢውን ቧንቧ ከፍቼዋለሁ። መቼ እንደከፈትኩት አላውቅም። ጀሪካኑ ሞልቶ ውሃው እግሬ ሥር ይፈሳል።

የሚቀጥለውን ቀጠሮ ከቤታችን ጀርባ፣ ባሕር ዛፉ ሥር አደረግኩት። ጮክ ብዬ ላውራ ብል ጉሮሮዬ ተያዘ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ነው ድምፄ የወጣልኝ፤ የመታጠቢያ ቤቱን ነገር ሁሉ ዘረገፍኩት።

ዘግቼ ዞር ስል እማየ ሲኒ ይዛ ቆማለች። ለካ ተደብቄ ስደውል ከደላላ ጋር እየተነጋገርኩ መስሏት ስታለቅስ ከርማለች። ቡናውን ሰጠችኝና አጠገቤ ቁጭ አለች።

«ያ ውሃ…» አለችኝ ቆይታ፣ «እኔኮ እዚያ አገር ሁልጊዜ ይዘንባል ስል ነው የኖርሁ።»