ጆን ማነው?

ፓይተን የሚባለውን የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ በቪዲዮ መማር ከጀመርኩ 3 ወሬ ነው። አለማመዴ ቀላል ነው፦ ቪዲዮውን አቆማለሁ፣ ኮዱን እገለብጣለሁ፣ ይሠራል። ለምን እንደሠራ አልጠይቅም። የሚሠራ ነገር ሲነካካ ይበላሻል።

እናቴ የሰፈራችን እቁብ ጸሐፊ ናት። ቅዳሜ ጠዋት ለ32 ሰው እየደወለች «ዛሬ እኮ እቁብ ነው» ስትል ድምጿ ይዘጋል።

«እማዬ፣ በቃ ቦት እሠራልሻለሁ» አልኳት።

«ቦት? ክረምቱ አልፎ?»

ቴሌግራም ላይ ማስታወሻ የሚልክ ቦት የሚያሠራ ቪዲዮ አገኘሁ። አስተማሪው ሰዓቱን 9፣ ደቂቃውን 0 አድርጎታል። ሳቅኩበት። እቁቡ የሚሰበሰበው 8 ሰዓት ላይ ነው፤ 9 ሰዓት ላይ ማስታወስ ምን ይሠራል? ጠዋት 3 ሰዓት ይሻላል ብዬ 3 አደረግኩት። ደቂቃዋም ትርፍ መሰለችኝና አጠፋኋት። በራሴ ጭንቅላት ያስተካከልኩት የመጀመሪያ ኮድ ነው፤ የተሰማኝን ኩራት አትጠይቁኝ። ዓርብ ማታ ቦቱን እቁቡ ግሩፕ ውስጥ አስገብቼ፣ ላፕቶፑን እንደበራ ትቼ ተኛሁ።

ኮምፒውተር ሰዓት የሚቆጥረው ከእኩለ ሌሊት ነው። የእሱ 3 የእኛ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ደቂቃውን ስላጠፋሁበት ደግሞ በየደቂቃው ሰዓቱን ያይና «አሁንም 3 ነው» ብሎ እንደገና ይልካል። እስከ 10 ሰዓት ድረስ 60 መልእክት ማለት ነው።

እሱስ ባልከፋ። ከቪዲዮው ስገለብጥ ስሙን ሳልቀይር ቀርቻለሁ፦ «ውድ ጆን፣ የዛሬውን ክፍያዎን እንዳይረሱ!»

እኛ ሰፈር ሌሊት ስልክ ከጮኸ መርዶ ነው። እናቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ በሬን አንኳኳች።

«ተነስ ልጄ። ጆን የሚባል ሰው ሳይሞት አልቀረም።»

ዘልዬ ላፕቶፑን ስዘጋው 41ኛው «ውድ ጆን» ሄዷል።

ከሰዓት በኋላ እቁቡ እኛ ቤት ተሰበሰበ። ሁሉም ዓይኑ ቀልቷል። ዳኛው መነጽራቸውን አድርገው ደብተሩን ከላይ እስከ ታች በጣታቸው እየተከተሉ አዩት።

«ጆን የሚባል አባል የለንም» አሉ። «በሌላ ሰው ስም ሁለተኛ እጣ የያዘ ካለ አሁኑኑ ይናገር።»

ሁሉም እርስ በርሱ ተያየ። እናቴ ግን እኔን ብቻ ነበር የምታየው። ስኒዎቹን ሰብስቤ ወደ ጓዳ ገባሁ። ቡናው ገና አልተጠጣም ነበር።