አመዳሙ ካርድ

የአጎቴ ልጅ ከአሜሪካ የላከልኝ የኳስ ተጫዋች ፎቶ ያለበት ካርድ ጢም ሊላጩበት የሚችል መስታወት ነው። ችግሩም እዚያው ላይ ነው፤ እንዲህ የሚያብለጨልጭ ካርድ የተጫዋቹን ፊርማ አይቀበልም። ላዩ ላይ ያለው ሽፋን ቀለም ስለማይመጥ እስክሪብቶ ጭራሽ አይጽፍበትም፣ የማርከር ቀለም ደግሞ ይቋጠርና ጣት ሲነካው ይጨማለቃል።

መላውን ካርድ ሰብሳቢዎች ያውቁታል፦ የሕፃን ፓውደር! ትንሽ ነስነስ አድርጋችሁ በጥጥ ቀስ እያላችሁ ታሹታላችሁ፣ ከዚያ ትጠርጉታላችሁ። ፓውደሩ የጣት ቅባቱን ይመጥጣል፣ ብልጭልጩንም ይቀንሰዋል፤ ቀለም ይይዛል ማለት ነው። ማርከሩ ሰማያዊ ቢሆን ይመረጣል፤ ጥቁሩ ማርከር ግን ፎቶው ውስጥ ይጠፋል።

ካርዱ ላይ ያለው ተጫዋች ሀዋሳ ገብቶ ሐይቁ ዳር ካሉት ሆቴሎች በአንዱ አርፏል ሲባል የእህቴን ሕፃን ፓውደር ተበድሬ ማታውን ሳሽ አመሸሁ። ደብዘዝ ብሎ አማረልኝ። ማንም እንዳይነካው ቡፌው ላይ አስቀምጬ ተኛሁ። ጠዋት እማዬ በፖስታ ከታ አዘጋጅታ ጠበቀችኝ። እናት ማለት!

ሆቴሉ በር ላይ ሰልፍ አለ። ከፊቴ የቆሙት ጋሼ ሀዋሳ ከተማ በ1996 እና በ1999 የፕሪሚየር ሊጉን ዋንጫ ሲያነሳ የነበረውን ሁሉ እየተረኩልኝ ነው። ማርከር የያዝኩት እኔ ብቻ ስለሆንኩ ከኋላዬ ያለው ሁሉ «ካንተ በኋላ ለኔ» እያለ ወረፋ ይዟል። ትንሽ ኮራ ብያለሁ፣ አልዋሽም።

ተራዬ ደረሰ። ተጫዋቹ ካርዱን ከፖስታው ሲያወጣው ሙልጭ ብሎ ወደቀ። አንስቶ ሊፈርም ማርከሩን ሲያሳርፍ የመጀመሪያዋ ፊደል ተንሸራታ አውራ ጣቱ ላይ ተጻፈች። ደገመው፤ ማርከሩ ቀጥ አለ። አራገፈው፣ ነፋበት፣ መዳፌ ላይ ሞከረው። ወይ ፍንክች!

«ወንድሜ፣ ምን ቀብተኸው ነው?»

ጋሼ ካርዱን ተቀብለው አሸተቱና ውጤቱን ለሰልፉ በሙሉ አሳወቁ፦ «ቫዝሊን ነው!»

«ማርከሩን ገደለው!» አለ ከኋላ አንዱ። ሰልፈኛው ሁሉ እኔን አየኝ። ልጁ ግን ጨዋ ነው፤ ሰማያዊ አውራ ጣቱን ቀስሮ ሰልፊ ተነሳልኝ።

በባጃጅ ቤት ደረስኩ።

«እማዬ፣ ካርዱን ምን አደረግሽው?»

«ማታ ሳየው አመዳም ሆኗል። የሰው ፎቶ እንዲህ አመድ መስሎ ለራሱ ለባለቤቱ ይሰጣል? ወዝ ይኑረው ብዬ አሸት አሸት አደረግኩት።»

አሸት አሸት! ለ6.4 በ8.9 ሴንቲ ሜትር ካርድ የዋለው ቫዝሊን ለእኛ ቤት ሰው ሁሉ ሳምንት ይበቃል።

«እማ፣ እኔ እኮ አመድ እንዲመስል ነው ማታውን ሙሉ የለፋሁት!»

ግንባሬን በእጇ ዳበሰች፤ ትኩሳት የለኝም።

«በል ቫዝሊኑ አልቋል፤ ማታ ስትመጣ ገዝተህ ና።»