ያረረው ሽሮ

ዛሬ ደሴ ፒያሳ ፀጉር ቤት ወረፋ ይዣለሁ። ቴሌቪዥኑ የዩክሬንን ዋና ከተማ የኪየቭን ሌሊት ያሳያል። ከመሬት የተነሳ ብርሃን ሽቅብ ተወነጨፈና ሌላውን አየር ላይ አጠፋው።

"ፓትሪዮት ነው አባባ" አላቸው ፀጉር አስተካካዩ። "ራዳሩ የሚመጣውን ሚሳይል ያያል፣ መንገዱን ያሰላል፣ ከዚያ መካች ሚሳይል ይልካል።"

አባባ ግማሽ ፊታቸው አረፋ ነው። ምላጩን በእጃቸው ገታ አደረጉት።

"ኅዳር 1928 ጣሊያን እዚሁ ደሴ ላይ ቦምብ ሲጥል እናቴ ልጅ ነበረች። ሽሮውን እሳት ላይ ጥላ ወደ ጦሳ ተራራ ሮጠች። ጃንሆይ ራሳቸው መትረየስ ይዘው ወደ ሰማይ ተኮሱ። ሆስፒታሉ ግን ተመታ።"

ቆየት አሉና "እናቴ እስክትሞት ድረስ፣ ሽሮ ሲያር ከሸተታት ደጅ ወጥታ ሰማዩን ታይ ነበር" አሉ።

ምላጩ አየር ላይ እንደተንጠለጠለ ቀረ። ማናችንም ትንፍሽ አላልንም።

ኪየቭ እ.ኤ.አ. በ2023 ፓትሪዮት አግኝታ፣ ኪንዣል የሚባለውን እጅግ ፈጣን የሩሲያ ሚሳይል ሳይቀር መታ ጥላለች። ስንት ነፍስ ተርፎበታል! ግን አዲሱ ዓይነት መካች ሚሳይል አንዱ ብቻ 4 ሚሊዮን ዶላር ገደማ ነው። ለሁሉም ከተማ አይዳረስም፤ ቀድሞ የሚሸፈነው ዋና ከተማ ነው። እኔን ያሳሰበኝ ስማቸው ዜና ላይ የማይነሳው ከተሞች ናቸው። እዚያም አሁን ድስት የጣደች ልጅ አለች።